ሙቀትን ከሩቅ የሚያየው ካሜራ፦ ምን ያያል? ምንስ አያይም?

የዛሬው ጽሑፌ ስለ ካሜራ ነው። ስትሰሙት የፎቶግራፍ ትምህርታችን ቅጥያ ሊመስላችሁ ይችላል፤ ግን አይደለም። መነሻው የእናቴ ጥያቄ ነው።

ተወልጄ ያደግኩት ደቡብ ጎንደር፣ እስቴ፣ መካነ ኢየሱስ ነው። ቤታችን ከከተማዋ ትንሽ ወጣ ይላል። እናቴ እንጀራ የምትጋግረው ገና ሳይነጋ ተነሥታ ነው። በሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ በክልላችን የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ፣ የአገሬው ሰው አዲስ ልማድ አውጥቷል፤ ድምፅ ሲሰማ ቀና ብሎ ሰማይ ያያል። እና አንድ ቀን ኔትወርክ ሲገኝ ደወለችልኝ። ስለ ጤናዬና ስለ ትምህርቴ ከጠየቀችኝ በኋላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ልጄ፣ አንቺ መቼም ተምረሻል። ያ ሰማይ ላይ የሚያንዣብበው ነገር የምድጃ እሳት ከሩቅ ያያል ይላሉ። ግድግዳ አልፎ ሰው ይቆጥራል የሚሉም አሉ። እውነት ነው እንዴ? ሌሊት መጋገሩን ልተወው?»

ምን ልበላችሁ፣ መልስ አልነበረኝም። «እማየ፣ አጣርቼ እነግርሻለሁ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። በዚያው ሰሞን ዶርማችን ውስጥ አንዲት ልጅ በስልኳ ጥቁርና ነጭ ቪዲዮ ታሳየናለች። ከላይ ወደ ታች የተቀረጸ ነው። አመድ በመሰለ መሬት ላይ አምስት ስድስት ነጫጭ ነጠብጣቦች ይንቀሳቀሳሉ። አንዷ «ታጣቂዎች ናቸው» አለች። ሌላዋ «ኧረ እረኞች ናቸው» አለች። ሦስተኛዋ «ፍየሎችም ሊሆኑ ይችላሉ» ብላ አሳቀችን። ሳቁ ሲያልፍ ግን አንድ ነገር ቆረቆረኝ። ሁላችንም የጋዜጠኝነት ተማሪዎች ነን፤ አንዳችንም ያየነው ነገር ምን እንደሆነ አናውቅም። ያን ምስል ስለሚሠራው ካሜራ ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው። እነሆ የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

የማይታየው ብርሃን

ለመሆኑ ሙቀት እንዴት ይታያል? እስቲ ቀጥቃጭ ቤት የገባችሁ አስታውሱ። ማረሻው ከእሳት ሲወጣ ቀይ ነው። ቀስ እያለ ቅላቱ ይጠፋና ይጠቁራል። ጠቆረ ተብሎ ግን በእጅ አይነካም። ፊታችሁን ጠጋ ብታደርጉት ሙቀቱ ይሰማችኋል። ብረቱ አሁንም «እያበራ» ነው፤ የሚያበራው ብርሃን ግን ዓይናችን የማያየው ዓይነት ሆኗል። ይህ ብርሃን ኢንፍራሬድ ይባላል። በአማርኛ ታህተ ቀይ የሚሉትም አሉ፤ ከቀይ በታች ያለ ማለት ነው።

ይህን ብርሃን መጀመሪያ ያገኘው ዊልያም ኸርሸል የተባለ የሥነ ፈለክ ተመራማሪ ነው። እ.ኤ.አ. በ1800 የፀሐይን ብርሃን በፕሪዝም ከፋፍሎ፣ በየቀለሙ ላይ ቴርሞሜትር እያስቀመጠ ሙቀቱን ሲለካ፣ ከቀዩ ቀለም አልፎ ምንም በማይታይበት ቦታ ያስቀመጠው ቴርሞሜትር ከሁሉም በለጠ። እዚያ የማይታይ ነገር እንዳለ ገባው።

ኢንፍራሬድ የሚወጣው ከጋለ ብረት ብቻ አይደለም። ሰው፣ ላም፣ ድንጋይ፣ ውሃ፣ በረዶም ሳይቀር ሁሉም ያወጣል። የሚለያየው በመጠኑና በሞገዱ ርዝመት ነው። የሰው ገላ በብዛት የሚያወጣው ከ9 እስከ 10 ማይክሮን አካባቢ ነው። (አንድ ማይክሮን የሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ነው።) የምድጃ እሳት ግን በጣም ስለሚሞቅ በብዛት የሚያወጣው አጠር ያለውን፣ 3 ማይክሮን አካባቢ ያለውን ሞገድ ነው። አየርም የራሱ ፀባይ አለው። በውስጡ ያለው የውሃ ተንና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ጋዝ አብዛኛውን ኢንፍራሬድ ይውጠዋል። ሳይውጥ የሚያሳልፋቸው ሁለት «መስኮቶች» አሉ፤ አንደኛው ከ3 እስከ 5 ማይክሮን፣ ሁለተኛው ከ8 እስከ 12 ማይክሮን። ከሩቅ የሚያዩ የሙቀት ካሜራዎች በሙሉ የሚሠሩት በእነዚህ መስኮቶች ነው።

ካሜራው ለምን ይቀዘቅዛል?

ሙቀት የሚያዩ ካሜራዎች ሁለት ዓይነት ናቸው፤ የማይቀዘቅዙና የሚቀዘቅዙ። የማይቀዘቅዘውን ብዙዎቻችን አይተነዋል። በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ በቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ መንገደኞችን ትኩሳት አላቸው ወይ እያለ ይለይ የነበረው የዚህ ዓይነቱ ነው። በውስጡ ያሉት ጥቃቅን ነጥቦች ኢንፍራሬዱ ሲያርፍባቸው ይሞቃሉ፣ ሲሞቁ የኤሌክትሪክ ተቃውሟቸው ይለወጣል፣ ካሜራው ያንን ለውጥ ወደ ምስል ይቀይረዋል። ዋጋው ይቀላል፣ ክብደቱም ይቀላል። ለቅርብ ይበቃል።

ለሩቅ ግን አይበቃም። ከብዙ ኪሎ ሜትር የሚመጣው ሙቀት እጅግ ትንሽ ነው። ያን ትንሽ ነገር ለመያዝ የሚያስቸግረው ደግሞ ካሜራው ራሱ ነው፤ ምክንያቱም ካሜራውም ይሞቃል፣ የሞቀ ነገር ሁሉ ደግሞ ኢንፍራሬድ ያወጣል። ሴንሰሩ ውስጥም በሙቀት ብቻ የሚነሡ የውሸት ምልክቶች ይፈጠራሉ።

ይህን ሳነብ አባቴ ትዝ አለኝ። ሌሊት ውሻ ሲጮህ ጅብ መሆኑን ለማየት አስቀድሞ ኩራዙን እፍ ብሎ ያጠፋል፤ ከዚያ ነው በበሩ ስንጥቅ ደጁን የሚያየው። ልጆች ሳለን «ለምን ታጠፋዋለህ?» ስንለው «የቤቱ ብርሃን ደጁን ይሸፍነዋል» ይለን ነበር። ካሜራውን ማቀዝቀዝም እንደዚያው ነው። የራስን ኩራዝ አጥፍቶ ደጅን ማየት ማለት ነው።

ቅዝቃዜው ታዲያ የፍሪጅ ቅዝቃዜ እንዳይመስላችሁ። የተለመደው ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው፤ ናይትሮጅን ጋዝ ፈሳሽ የሚሆንበት ማለት ነው። የዱሮዎቹ ካሜራዎች ፈሳሽ ናይትሮጅን እየተቀዳባቸው ነበር የሚሠሩት። የአሁኖቹ ማቀዝቀዣቸውን ይዘው ይዞራሉ። ከዚህ ሞቅ ባለ ደረጃ፣ ከዜሮ በታች 150 እና 120 ዲግሪ አካባቢ የሚሠሩ ሴንሰሮችም መጥተዋል፤ ይህም ማቀዝቀዣውን አነስተኛና ዕድሜውን ረዘም ያለ አድርጎታል።

በዚህ ሁሉ ድካም የሚገኘው ምንድን ነው? የሙቀት ልዩነትን የመለየት ችሎታ ነው። ጥሩ የሚቀዘቅዝ ካሜራ የዲግሪን ሃምሳኛ ያህል ልዩነት ይለያል። አንድ ሰው ተቀምጦበት የተነሣው ድንጋይ ለጥቂት ጊዜ ቢሞቅ፣ ያን ማየት ይችላል። ከዚህም ሌላ ፍጥነቱ ከፍተኛ ስለሆነ የሚንቀሳቀስ ነገር አይደበዝዝበትም።

ሞጁሉ ውስጥ ምን አለ?

«ሞጁል» የሚሉት አንድ ላይ የተገጣጠመውን የካሜራውን ልብ ነው። አራት ዋና ዋና ነገሮች አሉት።

አንደኛው ሴንሰሩ ነው። የሚሠራው ከልዩ ክሪስታሎች ነው። ታዋቂዎቹ ኢንዲየም አንቲሞናይድና የሜርኩሪ፣ የካድሚየምና የቴሉሪየም ቅይጥ ናቸው። ይህ ሁለተኛው ቅይጥ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ መጨረሻ እንግሊዝ አገር፣ ሞልቨርን በሚገኝ የመንግሥት የራዳር ምርምር ተቋም ነው የተገኘው።

ሁለተኛው ፔርሙስ ነው። አልቀለድኩም! ሴንሰሩ የሚቀመጠው አየር በተመጠጠበት ባለ ሁለት ግድግዳ ዕቃ ውስጥ ነው። ይህን ዕቃ እ.ኤ.አ. በ1892 የፈለሰፈው ጄምስ ዲዋር የተባለ የስኮትላንድ ተወላጅ ሳይንቲስት ሲሆን፣ ቤታችን ሻይ የምንይዝበት ፔርሙስም ከዚያው የመጣ ነው። ፔርሙስ ትኩሱን ሻይ ከውጭው ብርድ ይከላከላል፤ እዚህ ደግሞ ቀዝቃዛውን ሴንሰር ከውጭው ሙቀት ይከላከላል።

ሦስተኛው ማቀዝቀዣው ነው። በብዛት የስተርሊንግ ማቀዝቀዣ ይባላል። ሮበርት ስተርሊንግ እ.ኤ.አ. በ1816 የሞተሩን ሐሳብ ያስመዘገበ የስኮትላንድ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ነበር። አሠራሩ እንዲህ ነው፤ የብስክሌት ጎማ ስትነፉ ፓምፑ እንደሚሞቅ ታውቃላችሁ፤ ጋዝ ሲታመቅ ይሞቃል። በተቃራኒው ሲለቀቅና ሲሰፋ ይቀዘቅዛል። በማቀዝቀዣው ውስጥ ያለ ሂልየም ጋዝ በትንሽ ፒስተን አንዴ እየታመቀ አንዴ እየተለቀቀ፣ ሙቀቱን ከሴንሰሩ ዘንድ እያነሣ ወደ ውጭ ይጥለዋል። ካሜራው ሲበራ ወዲያው አያይም፤ እስኪቀዘቅዝ ብዙ ጊዜ ጥቂት ደቂቃዎች ይጠብቃል። ፒስተኑ የሚንቀሳቀስ ነገር በመሆኑም ያልቃል፤ መጀመሪያ የሚበላሸውም ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

አራተኛው የሴንሰሩን ምልክት ወደ ምስል የሚቀይረው ኤሌክትሮኒክስ ነው። ከዚህ በኋላ ሌንስ ይገጠምለታል። ሌንሱም እንደ ተራ ካሜራ ከመስታወት አይሠራም፤ ተራ መስታወት አብዛኛውን የሙቀት ብርሃን አያሳልፍምና። የሚሠራው እንደ ጀርማኒየምና ሲሊከን ካሉ፣ ለዓይናችን እንደ ብረት ከሚያብለጨልጩና ምንም ከማያሳዩ ነገሮች ነው። እኛ የማናይበት ሌንስ ለእሱ ጠራራ መስኮት ነው፤ ለእኛ ጠራራ የሆነው የቤታችን መስኮት ደግሞ ለእሱ ግድግዳ ነው።

ርቀት፦ «አለ» ማለትና «ማን ነው» ማለት

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። የእነዚህ ካሜራዎች ማስታወቂያ «ሰውን ከ10 ኪሎ ሜትር ያያል» ይላል። ውሸት አይደለም። ግን «ያያል» የምትለዋ ቃል ውስጥ ብዙ ነገር ተደብቋል።

እ.ኤ.አ. በ1958 ጆን ጆንሰን የተባለ በአሜሪካ ጦር ምርምር ክፍል የሚሠራ ባለሙያ አንድ ጥናት አቀረበ። ሰዎችን ምስል እያሳየ፣ አንድን ነገር ለማወቅ ምስሉ ምን ያህል ዝርዝር ሊኖረው እንደሚገባ ለካ። ማየትንም በደረጃ ከፈለው። ዛሬ በሰፊው የሚጠቀሱት ሦስቱ ናቸው። የመጀመሪያው «አንድ ነገር አለ» ማለት ነው፤ ለዚህ በነገሩ ላይ ሁለት ፒክስል ያህል ይበቃል። ሁለተኛው «ሰው ነው፣ ወይም መኪና ነው» ማለት ነው፤ ለዚህ ስምንት ያህል ያስፈልጋል። ሦስተኛው «የዚህ ዓይነት ሰው ነው፣ የዚህ ዓይነት መኪና ነው» ማለት ነው፤ ለዚህ አሥራ ሦስት ያህል ያስፈልጋል። ልብ በሉ! እነዚህ ቁጥሮች ትክክል የመሆን ዕድሉ ሃምሳ በመቶ የሚሆንበት ናቸው። ማለትም ግማሽ በግማሽ ነው።

እስቲ በስልኬ ካልኩሌተር የሠራሁትን ስሌት አብረን እንየው። የተለመደ አንድ የሚቀዘቅዝ ሞጁል እንውሰድ፤ ወደ ጎን 640፣ ወደ ታች 512 ፒክስል ያለው፣ እያንዳንዱ ፒክስል 15 ማይክሮን የሆነ፣ የትኩረት ርዝመቱ 500 ሚሊ ሜትር የሆነ ትልቅ ሌንስ የተገጠመለት። በዚህ ካሜራ 10 ኪሎ ሜትር ላይ አንዱ ፒክስል የሚሸፍነው 30 ሴንቲ ሜትር ነው። ለሰው ከትከሻ ስፋትና ከቁመት መሀል 75 ሴንቲ ሜትር ብንወስድ፣ ሰውዬው የሚይዘው ሁለት ፒክስል ተኩል ነው። ስለዚህ ካሜራው «አንድ የሞቀ ነገር አለ» ይላል፤ ማስታወቂያው ልክ ነው። «ሰው ነው» ለማለት ግን 3 ኪሎ ሜትር አካባቢ መቅረብ አለበት። የያዘው ዱላ ይሁን ጠመንጃ ወደ መለየት ለመጠጋት ደግሞ ወደ 2 ኪሎ ሜትርና ከዚያ በታች። ሌንሱ ቢረዝም፣ ፒክስሉ ቢያንስ ርቀቱ ይጨምራል፤ በሦስቱ ደረጃዎች መካከል ያለው ልዩነት ግን እንዳለ ይቀጥላል።

የርቀትን ነገር ይበልጥ የሚያሳየን ሳተላይት ነው። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2013 የመጠቀችው ላንድሳት 8 ከ705 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሆና ሙቀት ትለካለች። ሴንሰሯ ከዜሮ በታች 230 ዲግሪ ድረስ ይቀዘቅዛል። አንዱ የሙቀት ፒክስሏ ግን መሬት ላይ 100 ሜትር በ100 ሜትር ነው። በአፋር የኤርታሌን የቀለጠ ድንጋይ ሙቀት ታያለች፤ እንደ እናቴ ምድጃ ያለ ነገር ግን መቶ በመቶ ሜትሩ ውስጥ ተቀላቅሎ ይጠፋል። ይህ ቴክኖሎጂ ለሰው ልጅ የሚሰጠውን ጥቅምም እዚህ ላይ መናገር ይገባል። ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም. በአፋር ሃይሊ ጉቢ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ፣ አመዱ ቀይ ባሕርን ተሻግሮ እስከ ሕንድ ሲደርስ፣ አውሮፕላኖች እንዳይገቡበት መንገዱን የተከታተሉት ሳተላይቶች ናቸው። ሌሊት ፀሐይ በሌለችበት አመድን ከተራ ደመና ለመለየት የሚያስችለውም ይኸው የኢንፍራሬድ ብርሃን ነው።

የማያያቸው ነገሮች

የሰፈር ወሬ ይህን ካሜራ አስማተኛ አድርጎታል። ግድግዳ አልፎ ያያል የሚለው ግን ውሸት ነው። የሙቀት ካሜራ የሚያየው የነገሮችን ገጽ ነው። ከጭቃ ግድግዳ ጀርባ ያለ ሰው አይታየውም፤ የሚያየው የግድግዳውን ሙቀት ነው። አዲስ ቆርቆሮ ጣሪያ ደግሞ ያሳስተዋል። የሚያብለጨልጭ ቆርቆሮ የራሱን ሙቀት በደንብ አያወጣም፤ እንደ መስታወት ቀዝቃዛውን ሰማይ ያንጸባርቃል፤ ስለዚህ ከውስጥ እሳት እየነደደ ጣሪያው ቀዝቃዛ ሊመስል ይችላል።

ዝናብና ጉምም ያግዱታል። በክረምት ጉናን የሚሸፍነውን ጉም የምታውቁ፣ ያ ጉም ለዓይናችን ብቻ ሳይሆን ለዚህ ካሜራም መጋረጃ ነው። ጠዋትና ማታ ደግሞ መሬቱና በላዩ ያለው ነገር ሙቀታቸው የሚስተካከልበት ሰዓት አለ፤ ያኔ ምስሉ ይደበዝዛል።

ሌላው ለእኛ የሚጠቅመን ነገር የቀለሙ ጉዳይ ነው። በሙቀት ምስል ላይ ነጭ ማለት ብርሃን ማለት አይደለም። ብዙ ጊዜ ነጭ ትኩስ ነው፤ ግን ባለሙያው አንዲት ቁልፍ ተጭኖ ጥቁሩን ትኩስ ማድረግ ይችላል። የልብስ ቀለም፣ የፊት ገጽታ፣ ጽሑፍ፣ ባንዲራ በዚህ ምስል ላይ በአብዛኛው የሉም። ሰውን ሰው የሚያሰኘው ነገር ሁሉ ወጥቶለት ሙቀቱ ብቻ ነው የቀረው።

ማን ይሠራዋል? ማንስ ይገዛዋል?

እነዚህን ሞጁሎች የሚሠሩ አገሮች ጥቂት ናቸው፤ አሜሪካ፣ ፈረንሳይ፣ እንግሊዝ፣ ጀርመን፣ እስራኤል፣ ቻይና፣ ቱርክና ጥቂት ሌሎች። ዋጋቸውም በአሥር ሺዎች ዶላር የሚቆጠር ነው። ወደ ውጭ ለመሸጥ የመንግሥት ፈቃድ ይጠይቃል። ጉዳዩ ምን ያህል ፖለቲካ እንደሆነ አንድ ምሳሌ ልስጥ። በኢትዮጵያ ሰማይ ላይም የበረረው የቱርኩ ባይራክታር ቲቢ2 ድሮን ዓይኑ ቀድሞ ከካናዳ ነበር የሚመጣው። በናጎርኖ ካራባኅ ጦርነት ጥቅም ላይ በመዋሉ ካናዳ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2020 የካሜራውን ሽያጭ አገደች፣ በሚያዝያ 2021 ደግሞ ፈቃዱን ሰረዘች። ቱርክም አሴልሳን በተባለው ኩባንያዋ የራሷን ካሜራ ገጠመች። አንድ አገር ዓይኑን ቢነሣ ሌላ ዓይን ተገኘ ማለት ነው።

«የሞቀ ነገር አለ» ስህተት ሲሆን

አሁን ሁለት እውነተኛ ታሪኮችን ላንሣ። አንደኛው የሩቅ፣ ሁለተኛው የቅርብ ነው።

እ.ኤ.አ. ነሐሴ 29 ቀን 2021 በአፍጋኒስታን ዋና ከተማ በካቡል የአሜሪካ ድሮን አንድ ነጭ ቶዮታ መኪና መታ። ጦሩ ፈንጂ የጫነ አሸባሪ ነው አለ። የኒው ዮርክ ታይምስ ጋዜጠኞች ቦታው ድረስ እየሄዱ፣ ምስክር እያናገሩ፣ የሰውዬውን መሥሪያ ቤት የደኅንነት ካሜራ እያዩ አጣሩ። ሰውዬው ዘማሪ አህመዲ የተባለ የአንድ የአሜሪካ የእርዳታ ድርጅት ሠራተኛ ነበር። መኪናው ላይ ሲጭን የታየው ፈንጂ የተባለው ነገር ለቤቱ የቀዳው ውሃ ነው። በጥቃቱ አሥር ሰዎች ሞቱ፤ ሰባቱ ሕፃናት ነበሩ። ጦሩ በዚያው በመስከረም ወር ስህተት መሆኑን አመነ። በጥር 2022 ጋዜጣው በፍርድ ቤት ተከራክሮ የድሮኖቹን ቪዲዮ አስወጣ፤ ከፊሉ ሙቀት በሚያይ ካሜራ የተቀረጸ የሚመስል ጥቁርና ነጭ ነው። ቪዲዮው ብዥ ያለ ነው። ስህተቱን ያወጣው ከላይ የመጣው ምስል አይደለም፤ በእግሩ የሄደ ጋዜጠኛ ነው።

የቅርቡ ደግሞ የራሳችን አገር ነው። በታኅሣሥ 29 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ በገና ዕለት፣ በትግራይ ደደቢት ተፈናቃዮች በተጠለሉበት ቦታ የድሮን ጥቃት ደርሶ ከ50 በላይ ሰዎች ሞቱ። እኛ የምናውቀው ነገር የመጣው ከምስክሮች ቃል፣ ከቦታው ፎቶግራፍና ከተገኘው ስብርባሪ ነው። ከማን ወገን እንደሆንን ለጊዜው እንተወውና እንደ ባለሙያ እናስብ። ተፈናቃይ ሌሊት ብርድ ላይ ሰብሰብ ብሎ ይተኛል፤ እሳትም ያነዳል። ወታደርም እንደዚያው ያደርጋል። ለሙቀት ካሜራ የሁለቱ ሙቀት አንድ ነው።

እኛስ?

ነገ ከዚህ ግቢ ወጥተን በየዜና ክፍሉ ስንቀመጥ እንዲህ ያለ ምስል ጠረጴዛችን ላይ ይመጣል። መንግሥት ይልከዋል፣ ታጣቂ ይልከዋል፣ ማንነቱ ያልታወቀም ይልከዋል። ከሥሩ «እርምጃ የተወሰደባቸው» ወይም «የተጨፈጨፉ ንጹሐን» የሚል ጽሑፍ ይኖራል። እንደ እኔ ከሆነ ጽሑፉን ከምስሉ ለይተን ልናየው ይገባል። ምስሉ የሚናገረው «የሞቁ ነገሮች ነበሩ፣ ተንቀሳቀሱ» የሚለውን ነው። የቀረው የላኪው ቃል ነው። ከየት ርቀት ተቀረጸ? የትኛው ቀለም ትኩስ ነው? ከመጀመሪያውና ከመጨረሻው የተቆረጠ አለ? ቦታው የት ነው? እዚያ ቦታ ደርሶ የጠየቀ ሰው አለ? እነዚህን ሳንጠይቅ «በቪዲዮው እንደሚታየው» ብለን ብንጽፍ፣ ያላየነውን አይተናል ማለታችን ነው።

ከሳምንት በኋላ ለእናቴ ደወልኩላት። ያነበብኩትን እንደምንም በእሷ ቋንቋ ነገርኳት። «እማየ፣ ግድግዳ አልፎ አያይም። ደጅ ያለ እሳት ግን ከሩቅ ያያል። የሞቀ ጣሪያም፣ በሩ ሲከፈት የሚወጣውንም ሊያይ ይችላል። እሳቱን ማን እንዳነደደው ግን አያውቅም» አልኳት።

ትንሽ ዝም አለችና «ታዲያ እንጀራ ለመጋገር መሆኑን ማን ይነግረዋል?» አለችኝ።

እውነቱን ለመናገር ለዚህም ወዲያው መልስ አልነበረኝም። ሌሊት መጋገሩን ትተወው ወይስ አትተወው የሚለውንም አልወሰንኩላትም፤ አሁን ሲነጋ ነው የምትጋግረው። ግን ጥያቄዋ እስካሁን አብሮኝ አለ። ካሜራው መናገር የማይችለውን፣ ሄዶ፣ በር አንኳኩቶ፣ ስም ጠይቆ የሚጽፍ ሰው ያስፈልጋል። ይህ ሥራ ደግሞ የእኛ ነው። አስተያየታችሁንና እርማታችሁን በትምህርት ክፍሉ ጽሕፈት ቤት በኩል ብትሰጡኝ በደስታ እቀበላለሁ።

ቸር ይግጠመን!